ከቁርጥ ቤቱ በላይ ያለው ተራራ

ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል የመጣ መንገደኛ ወላይታ ሶዶ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ርቦታል። ከተማዋም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቁርጥ ቤቱ በር ላይ ሥጋው ተሰቅሏል፣ ዳጣው በጣባ ቀርቧል፣ ቢላው ተስሏል። መንገደኛው እጁን ይታጠባል፣ ይበላል፣ «የወላይታ ሥጋ እኮ ሌላ ነው» ይላል፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወደ አርባ ምንጭ ይነዳል። ከፊቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። እዚያ የጫሞ አዞ አለ፣ ነጭ ሳር አለ፣ ዶርዜ አለ፣ ከዚያም ወዲያ የኦሞ ሸለቆ። ሶዶ ለጎብኚ የምሳ ሰዓት ናት።

ከቁርጥ ቤቱ ደጃፍ ቀና ያለ ሰው ግን ዳሞታን ያያል። ከተማዋ የተቀመጠችው በተራራው ደቡባዊ ግርጌ ነው። ዳሞታ ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃ ኦሞን ይቀላቀላል፤ በምሥራቅ የሚወርደው ወደ ብላቴና ወደ አባያ ይሄዳል። ዙሪያውን ያሉት ወረዳዎች ስማቸው ራሱ የሚጀምረው በእሱ ነው፦ ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ፑላሳ፣ ዳሞት ወይዴ። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የሚነሣውን የዳሞቱን ገዥ ሞቶሎሚን ወላይታዎች ከነገሥታቶቻቸው አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ይህን ሁሉ ታሪክ የተሸከመ ተራራ አናቱ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሥጋውን በልቶ የሚሄደው ሰው ብዛት ይገርማል።

እኛ ወደ ላይ የወጣነው በጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታም አልፏል። ባጃጁ አቅሙ እስከፈቀደለት ወሰደን፤ ከዚያ በእግር ሆነ። አስጎብኚያችን እዚያው ተዳፋት ላይ ተወልዶ ያደገ፣ ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ነው። በትሩን ትከሻው ላይ ጋድሞ ከፊት ይሄዳል፤ ሽማግሌ ባገኘ ቁጥር በትሩን አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ሰላምታው አጭር አይደለም። ቤቱ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ ማሳው በተራ ይጠየቃል። መጀመሪያ ላይ ሰዓታችንን እናይ ነበር፤ ኋላ ተውነው።

የተራራ መንደር ጉብኝት በእኛ አገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው ዶርዜ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ፣ የዝሆን ፊት በሚመስለው የቀርከሃ ቤት ደጃፍ፣ ጎብኚው በቆጮ ቂጣ ማርና ዳጣ ይቀርብለታል፣ ሸማኔውን ያያል፣ አረቄ ይቀምሳል፣ ይጨፍራል። ሁሉም ተራው የታወቀ ነው። ዶርዜዎች ለሥራቸው ዋጋ ማውጣታቸውን የሚነቅፍ ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፤ እኔ ግን ነቀፌታው አይዋጥልኝም። እንግዳ በየቀኑ ሲመጣ መስተንግዶው ሥራ ይሆናል፤ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። በታችኛው ኦሞ እንደምናየው ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር እየተባለ ሰው ተሰልፎ ከሚቆምበት ጉብኝት የዶርዜው እጅግ ይሻላል።

ዳሞታ ላይ እንዲህ ያለ ተራ የለም። የተሰናዳ ጭፈራ የለም፣ የሚጠብቅህ አረቄ የለም። ሰው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አስጎብኚው ብዙ መሸከም አለበት፤ እሱ ካላሳየህ የምታየው ባሕር ዛፍ፣ እንሰትና ቆርቆሮ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ያሳየን ነገር አፈሩን ነው። ቀይ ነው፤ ደርቆ ሲረገጥ እንደ ዱቄት ይቦንናል፣ ሲርስ ጫማ ላይ ይለጠፋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ የተገኘ ነው፤ ለምነቱም ከዚያ ነው፣ ጉዳቱም ከዚያ ነው። በባዶ እግሩ ዕድሜ ልኩን የሚረግጠው ሰው፣ ደቃቁ ማዕድን በቆዳው እየሰረገ የሰውነቱን ፈሳሽ ማስተላለፊያ ሥሮች ይጎዳና እግሩ ያብጣል። ዝሆኔ የምንለው ሕመም ነው፤ ትንኝ ከምታመጣው የተለየ፣ አፈር ወለድ ዓይነት። ተላላፊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከአምስት የሚበልጠው ይህ ሕመም እንዳለበት አሳይቷል። ሶዶ ላይ አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎው ለእነዚህ ሕሙማን የጀመሩት ሥራ በኋላ ለሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም ምሳሌ ሆኗል፤ ሕክምናው በአብዛኛው እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ነው። አስጎብኚያችን ይህን የሚነግረን የአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመን ነው። ከበሩ አጠገብ አምስት የፕላስቲክ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ትንሿ የመዳፍ ያህል ናት፣ ታጥባ ፀሐይ ላይ ተሰጥታለች።

የቤቱ እመቤት ጓሮ ናቸው። አስጎብኚው «አዬ!» ብሎ ተጣራ፤ በወላይትኛ እናት እንደማለት ነው፣ የሥጋ እናቱ ባይሆኑም። እሳቸው ከነበሩበት ሳይነሡ መለሱለት። «ኑ ትላለች፤ እጇ ሥራ ይዟል» አለን።

እንሰት እየፋቁ ነበር። ሳንቃው ግንድ ላይ ተደግፎ አጋድሟል። ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የእንሰቱን ሽፋን በአንድ እግራቸው ተረከዝ ሳንቃው ላይ ወጥረው ይዘው፣ በሁለት እጃቸው የቀርከሃ መፋቂያውን ከላይ ወደ ታች ይስቡታል። ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። በእያንዳንዱ ስበት ነጭ፣ ውኃ ያዘለ ሥጋው ተልጦ ከሥር በተነጠፈው ቅጠል ላይ ዘጭ ይላል፤ እላይ የሚቀረው ቃጫው ነው፣ እንደ ፀጉር ረጅምና የሚያብለጨልጭ። ሰባት ስምንት ጊዜ ከሳቡ በኋላ ቃጫውን ጠቅልለው ወደ ጎን ያስቀምጡና ሌላ ሽፋን ያነሣሉ። ሽታው ገና ያልኮመጠጠ፣ የተቆረጠ ሣር ሽታ ነው። ከተፋቀው የሚንጠፈጠፈው ውኃ ታችኛው ጉድጓድ ውስጥ ሲዘቅጥ ቡላ ይሆናል። የተፋቀው ደግሞ ከተፈጨው ሥር ጋር ተቀላቅሎ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ገብቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል፤ ያ ነው ቆጮ። በብዙ የእንሰት አገር ወንድ ወደ መፋቂያው አይጠጋም። አስጎብኚያችንም አምስት እርምጃ ርቆ ቆመና ከዚያ ሆኖ አስረዳን።

ጓሮው በራሱ ሰፈር ነው። እንሰቱ በዕድሜ በዕድሜ ተተክሏል፤ ሕፃኑ ከቤቱ ሥር፣ ጎልማሳው ወደ ውጭ። እየተነቀለ ደጋግሞ ይተከላል፤ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ ከፍታው አራት ዓመትም ሰባት ዓመትም ሊወስድ ይችላል። በመካከሉ ጎመኑ፣ ቦይና የሚባለው ጎደሬ፣ ቡናው ይበቅላል። ለቤት የቀረበው ለም መሬት ዳርኳ፣ ራቅ ያለው የእህል ማሳ ሾቃ ይባላል። ልዩነታቸው የመሬቱ አይደለም፤ የፋንድያው ነው። ላሟ ማታ ማታ ከሰው ጋር ቤት ታድራለች፤ ጠዋት ከሥሯ የተዛቀው ፋንድያ በቀጥታ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። ሾቃው የሚተርፈውን ያገኛል፤ የሚተርፍ ካለ።

አንድ ጎብኚ ከዚህ ተራራ ይዞት ሊወርድ የሚገባው ዕውቀት ካለ ይህ ሰንሰለት ነው። ሣር ካለ ላም አለች፤ ላም ካለች ፋንድያ አለ፤ ፋንድያ ካለ እንሰቱ ይወፍራል፤ እንሰቱ ከወፈረ ዝናብ በቀረበት ዓመትም ጉድጓድ ውስጥ የሚበላ አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው፣ የዚያን ጊዜውን የአገሪቱን አማካይ ከአምስት እጥፍ በላይ። ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ማሳ ይቆረስለታል። መጀመሪያ የሚቆረሰው ግጦሹ ነው። ግጦሽ ሲያልቅ ሰንሰለቱ ከላይኛው ቀለበት ይበጠሳል።

«ላሟ የእርስዎ ናት?» ብዬ አስጠየቅኋቸው።

ሴትዮዋ መፋቂያውን አቁመው ሳቁ። የርቢ ናት፤ ሌላ ሰው ገዛት፣ እሳቸው ያረቧታል፣ ጥጃው ይካፈላል። «ፋንድያው ግን ሙሉ የኔ ነው» አሉ። አስጎብኚው ሲተረጉምልን እሱም እየሳቀ ነበር።

ከጓሮው ወጥተን ቁልቁል ስናይ ከመካከላችን አንዱ የአዲስ አበባ ሰው ቅር አለው። ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ ያሰበው ሣር ክዳን ነበር። ክብ፣ ከፍ ያለ፣ በላዩ ጭስ የሚተን የወላይታ ቤት። አለ፤ ከአምስት ቤት አንድ ይገኛል። የቀረው ቆርቆሮ ነው፣ በፀሐዩ ዓይን የሚወጋ። «ባህላቸውን እየተዉት ነው» አለ ጓደኛዬ።

አስጎብኚው በትሩን መሬት ላይ ተከለና «ሣሩ የት አለ ጋሼ?» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጥሩ የሣር ቤት ለመክደን ብዙ ሸክም ሣር ይጠይቃል፤ በየጥቂት ዓመቱም ይታደሳል። ሣሩ ረዝሞ እስኪታጨድ ደግሞ ከብት ሳይነካው፣ ሳይታረስ፣ ለወራት መቆየት አለበት። መሬቱ ጥማድ በማይሞላበት መንደር ሣር ለጣሪያ ማሳደግ ማለት የልጅን ቀለብ ጣሪያ ላይ መስቀል ነው። በቆርቆሮ ቤት ዝናብ ሲዘንብ አይነጋገሩበትም፣ ቀትር ላይ ያንገበግባል፤ ግን አንዴ ከተገዛ ዕድሜ አለው፣ ሲቸግርም ተነቅሎ ይሸጣል። ዛሬ በዳሞታ ሣር ቤት ያለው ሰው ወይ ቆርቆሮ መግዣ ያጣ ድኃ ነው፣ ወይ ሣር የሚያሳድግበት ትርፍ መሬት ያለው ባለጠጋ። በአንጻሩ አዲስ አበቤው ቅዳሜና እሑድ ለማደር ብዙ ብር የሚከፍልባቸው ሎጆች ጎጆ የሚከድኑት በሣር ነው። ሣር ክዳን የሀብት ምልክት የሆነው ሳናስተውለው ነው።

ስለዚህ «ባህላዊ መንደር» ለማየት የሚመጣ ሰው ጣሪያውን ትቶ ጓሮውን ቢያይ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ባህሉ ያለው እዚያ ነው፤ ገና በሥራ ላይ ነው፤ ለእንግዳ ተብሎም አልተዘጋጀም። ሴትዮዋ ስለ እንሰት ዝርያዎች ሲናገሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ይመስላል፦ ይቺ ለአሚቾ፣ ሥሯን ቀቅሎ ለመብላት፣ ጥሩ ናት፣ ይቺ ቃጫዋ ይበዛል፣ ማዚያ የምትባለዋ ደግሞ በሽታውን ትችላለች። በሽታው የእንሰት አጠውልግ ነው፤ የያዘውን ተክል ጨርሶ የሚያደርቅ፣ በቢላ ከተክል ተክል የሚዛመት ባክቴሪያ። አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ዓመታት የደከመበት ጉዳይ ነው። ሴትዮዋ ቢላቸውን ከእሳት አሳልፈው እንጂ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው አይሄዱም።

እንሰት ለተራበ ዘመን መድን መሆኑን ይህ አገር በመራራ ተምሮታል። በ1977ቱ ረሃብ ወላይታ ክፉኛ ተመትቷል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ስኳር ድንቹ ሲከዳ፣ ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሕፃናት በየጤና ጣቢያው ተኙ። ያን ጊዜ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞች ዓይናቸውን ማመን አቅቷቸው «ለምለም ረሃብ» ብለው ጻፉ። ለምለምነት ሆድ እንደማይሞላ ለማወቅ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም፤ የእንሰቱን ዕድሜ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

በተራራው ምዕራባዊ ወገን፣ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ የዐለት መጠለያ አለ። አፉ ወርድ ያለው ነው፤ በክረምት ከላዩ ፏፏቴ ይወርዳል። መጀመሪያ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቆፈሩት፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው አርኪዎሎጂስት ስቲቨን ብራንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተውበታል። ከታችኛው ንብርብር የወጣው ወደ 50 ሺህ ዓመት ይጠጋል፦ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ፣ ከባልጩት፣ የተጠረቡ መሣሪያዎች። የብራንት ሐሳብ በግርድፉ ይህ ነው፦ የአፍሪካ አየር ደርቆ ቆላው ሰው ማኖር ሲያቅተው፣ ዝናብ የማያጣው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ መሸሸጊያ ሆኗል። ብራንት ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ እንሰት ያሳተሙት ጥናት ርዕሱ እንሰትን ረሃብን የሚከላከል ዛፍ ይለዋል። ዋሻውንና ጓሮውን ያገናኘ ተመራማሪ መኖሩን ሳውቅ ደስ ብሎኛል፤ አስጎብኚዎች ግን ሁለቱን በተለያየ ቀን ያሳያሉ።

ስለ ነገሥታቱ በአጭሩ። ወላይታ የራሱ ካዎዎች ነበሩት፤ ግዛታቸውን በካብና በቦይ ያጠሩ፣ የካዎ አማዶ ኬላ ተብሎ የሚታወቀውን ቅጥር የተዉልን። የመጨረሻው ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመቻ ቆስለው ተያዙ። ሠራዊቱን ተከትሎ የመጣው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሄይም ያየውን እልቂትና የተማረከውን ሰውና ከብት በመጽሐፍ አትሟል። ስለ እነዚህ የተራራ መንደሮች በባዕድ ቋንቋ ከተጻፉት ቀደምት የዓይን ምስክርነቶች አንዱ በጦር የታጀበ እንግዳ የጻፈው መሆኑን አስጎብኚያችን አይደብቅም። ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ዱቡሻ፣ ባለ ትልልቅ ዛፉ ሜዳ፣ ግን ዛሬም አለ። ስናልፍ የድንበር ክርክር ይሰማ ነበር፤ ክርክሩ ስለ ሁለት ክንድ መሬት ነው።

ረፋዱ ላይ አንድ ጉብታ ላይ አረፍን። አስጎብኚው ከሩቅ ወደ ደቡብ እያመለከተ የሁምቦን ተራራ አሳየን። ያ ተራራ ተራቁቶ ነበር፤ 2,728 ሄክታሩ ተከልሎ፣ መሬት ውስጥ ሕይወት የነበራቸው ጉቶዎች እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ተደርጎ፣ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን ገበያ ሥርዓት ተመዘገበ። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያስተዳድሩታል፤ ከካርቦን ሽያጭም ገንዘብ አግኝተዋል። ዳሞታ ላይም ተመሳሳይ የደን ማገገሚያ ተሠርቷል። ልብ በሉ፤ እዚህ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ማኅበር አለ፣ መዝገብ አለ። ለጉብኝቱስ?

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር አልተሞከረም አይባልም። በሰሜን ወሎ በመቄት፣ ተስፋ በሚል ስም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተዘረጋው የማኅበረሰብ ቱሪዝም፣ ጎብኚው ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፣ የሚያድርባቸው ጎጆዎች የመንደሩ ናቸው፣ ገቢውን ነዋሪው ይካፈላል። ወላይታ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው፤ ሶዶም የክልሉ ዋና መቀመጫ ሆናለች። ስብሰባተኛው በዝቷል፣ ሆቴሉም እየተሠራ ነው። ስብሰባ ላይ የመጣው ሰው ግማሽ ቀን አያጣም። ተራራው ደግሞ ከከተማው የባጃጅ መንገድ ነው። ከአጆራ መንታ ፏፏቴ ጋር ቢደመር ሁለት ቀን የሚያስቆይ ጉዞ ይወጣዋል።

ጓደኛዬ አውሮፓን ያነሣው እዚያ ጉብታ ላይ ነው፤ «ስዊዘርላንድ ቢሆን ይህ ተራራ በወርቅ ይሸጥ ነበር» አለ። ልክ ነው። ቶማስ ኩክ የመጀመሪያዎቹን እንግሊዛውያን በቡድን እየመራ የአልፕስን መንደሮች ያስጎበኘው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ግን የዚያን ዘመን አልፕስ እንደ ዛሬው አልነበረም። ከስዊዘርላንዱ ቲቺኖ ሸለቆዎች ድኃ ገበሬዎች ትንንሽ ልጆቻቸውን ወደ ሚላኖ ይልኩ ነበር፤ ልጆቹ በጠባቡ የጭስ ማውጫ ውስጥ እየገቡ ጥቀርሻ ይጠርጉ ነበር። መሬቱ ስለማይበቃ ነው።

አስጎብኚያችን ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከአጎቱ ልጅ ጋር አዲስ አበባ መግባቱን ነገረን፦ መርካቶ፣ አንድ ሣጥን፣ ሁለት ብሩሽ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለም። አራት ዓመት ሊስትሮ ሠርቶ ተመለሰ፣ ማታ ተማረ። አማርኛውን እንዲህ ያቀናው እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ጫማውን ዘርግቶለት ስልኩን እያየ የተቀመጠ ሁሉ የወላይታን ልጅ ያውቀዋል፤ ከየት እንደመጣና ለምን እንደመጣ ግን የጠየቀው ጥቂት ነው። መልሱ ከጓሮው ጋር አንድ ነው፤ አባቱ የሚቆርሰው አልነበረውም።

ወርደን በሴትዮዋ ቤት በኩል ስናልፍ አስቆሙንና አስገቡን። ቡና ተፈልቷል፤ በእንሰት ቅጠል ላይ ቆጮና ጎመን ቀረበ፣ ቅቤው ብዙ ነው። ስንነሣ ሒሳብ ላይ ተቸገርን፤ እኛ መስጠት አፈርን፣ እሳቸው መቀበል። አስጎብኚው ነው የገላገለን። ብሩን ቆጥሮ፣ ስንት እንደሆነ ጮክ ብሎ ተናግሮ፣ ልጃቸው እየሰማ እጃቸው ላይ አስቀመጠው፤ የራሱን ለብቻው ከኛ ተቀበለ። በኋላ ሲያስረዳን እንዲህ አለ፦ «ተደብቆ የተሰጠ ብር ጎረቤት ያጣላል። ነገ ሌላ እንግዳ ሳመጣ በሌላ ቤት ነው የማስገባው፤ ሁሉም ዋጋውን ካወቀ ማንም አይቀየምም።» ኮሚቴ የለም፣ ደንብ አልተጻፈም። ግን መቄት ላይ በማኅበር የተሠራውን እሱ ለብቻው እየጀመረው ነው።

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው የመጨረሻ ነገር ነገሩት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ምን አሉ ብለን ጠየቅነው።

«እንግዳ ስታመጣ በገበያ ቀን እንዳይሆን አለች። በገበያ ቀን ቤት አትገኝም፤ ቃጫ ይዛ ትወርዳለች።»